ያደረ መና

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ የስልክ ዕቃ እሸጣለሁ። ቻርጀር፣ ሽፋን፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ለተሰነጠቀ ስልክ መስታወት። ሰዉ ሁሉ ደጃፌ ላይ ቆሞ ስልክ የሰውን ጭንቅላት እንዴት እንደጨረሰው ይነግረኛል፤ ነግሮኝ ሲያበቃ ቻርጀር ገዝቶ ይሄዳል። አንዱማ ስልክ አእምሮን ያደርቃል የሚል ቪዲዮ እዚያው ስልኩ ላይ አውጥቶ ያሳየኛል። ምን እንድለው እንደሚፈልግ አላውቅም። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ሱቁን ልዝጋው፣ ካልሆነ ደጃፌን ይልቀቅልኝ።

ስልክ ጭንቅላትን አይነካም ብዬ ግን አልከራከርም። አንድ የማንኩሳ እህል ነጋዴ ስልኩ ተሰርቆበት ከእኔ ስልክ ለሚስቱ ሊደውል መጣና ቁጥሯን አጣው። ዕድሜ ልኩን አብሯት የኖረ ሰው ጣቱን አንጠልጥሎ ቆሞ ቆሞ «በስሟ ነው እኮ የምደውልላት፣ እህቴ» አለኝ። ከት ብዬ ሳቅሁበት። ከሄደ በኋላ የእህቴን የአቻምየለሽን ቁጥር በቃሌ ልበል ብዬ ሞከርሁ፤ መሀል ላይ ቀረሁ። እኔም ከነጋዴው አልሻልም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ስልክ ያስረሳንን ሁሉ እንደ ሥልጣኔ እንቆጥረዋለን፤ ዕድሜ ያስረሳውን ሰው ግን እንሳለቅበታለን። ይህን ያየሁት በአባቴ ነው።

አባቴ የኔታ ክንፈሚካኤል ይባላሉ፣ የቅኔ መምህር ናቸው። ቋሪት ውስጥ፣ ከገበዝ ማርያም ወጣ ብላ ባለች የገጠር ደብር ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ሸመገሉ። ከቡሬም ከግሽ ዓባይም ተማሪ ይመጣላቸዋል። በእሳቸው ጉባኤ ቅኔ አይደገምም። ተማሪ የትናንቱን ዛሬ ይዞ ቢመጣ «እሱንማ በልተነዋል» ይሉታል፤ አፍሮ ይሄድና ሌላ ይቆጥራል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የተገኘ ደግሞ አኩፋዳውን አንግቶ ይሰናበታል። ቅኔ መቁጠር ማለት ከምንም ተነሥቶ መሥራት ነው፤ የሠሩትን በሰው ፊት ማሰማት ደግሞ መዝረፍ ይባላል። በእኛ አገር «የኔታ ዛሬ ዘረፉ» ከተባለ ምስጋና ነው።

ስመኘው ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነው፣ የቡሬ ሰው፣ ዲያቆን። ስልኩን የገዛው ከእኔ ነው። አምና በኅዳር ሚካኤል አባቴ ቅኔ ሲያሰሙ ቀረጻቸው። ያኔ ኢንተርኔት ጠፍቶ ስለነበር ቪዲዮው እዚያው ስልኩ ውስጥ ቀረ። ዘንድሮም በኅዳር ሚካኤል ቀረጻቸው። ኔትወርክ ሲመለስ ሁለቱንም ባንድ ቀን ቲክቶክ ላይ ለቀቃቸው። ክፋት አስቦ አይደለም፤ መምህሩን ሊያስመሰግን ነው። በላዩ ላይም «የኔታ ክንፈሚካኤል ቅኔ ሲዘርፉ» ብሎ ጻፈበት።

ሁለቱ ቅኔዎች አንድ ነበሩ። ተመሳሳይ ማለቴ አይደለም። ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነው፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንድ። ስመኘው አምና የሰማውን ረስቶታል፤ እኔም ብሆን እረሳው ነበር። የት እንዳለ የማላውቀው አንድ ሰው ግን ቪዲዮዎቹን ጎን ለጎን ገጥሞ ባንድ ላይ አስኬዳቸው። የአምናው አባቴና የዘንድሮው አባቴ እኩል አፋቸውን ይከፍታሉ፣ እኩል ይተነፍሳሉ፣ የመጨረሻዋ ቃል ላይ እኩል ቀኝ እጃቸውን ያነሣሉ።

እኔ ያየሁት ሱቄ ውስጥ ነው። አንድ ጎረምሳ ሽፋን እየመረጠ ይስቃል፤ ምን እንደሚያስቀው ብጠይቀው ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። አባቴ ናቸው። ከሥር የተጻፈውን አነበብሁ። አንዱ «ሲዘርፉ ብሎ የገዛ ተማሪያቸው መሰከረባቸው» ይላል። ሌላው «ከራሳቸው ስለዘረፉ ክስ የለውም» ይላል። ቅኔው ስለ መና ነበርና አንዱ፣ ምናልባትም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ፣ «ያደረ መና አበሉን» ብሎ ጽፏል። ስድቡ ጥሩ ስድብ ነው፤ እሱ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። ግእዝ አንድ ቃል የማይሰማው ሁሉ ከሥሩ ተሰልፎ ይስቃል። ጎረምሳውን ሽፋኑን አስቀምጠህ ውጣ አልሁት።

ስመኘው ዘንድ ደወልሁ። አጥፍቼዋለሁ አለኝ፤ እሱ ቢያጠፋው ሌሎች ይዘውታል። ይልቅ ሌላ ነገር ነገረኝ። ነገሩ ከደብሩ ሰበካ ጉባኤ ደርሷል፤ ከግሽ ዓባይ ሊመጡ የነበሩ ተማሪዎች ቀርተዋል፤ ሊቀ መንበሩ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴን በሕዝብ ፊት ሊጠይቋቸው ቀጠሮ ይዘዋል። መልስ ካላገኙ ወንበሩ ለአስነጋሪው ለገነነ ይሰጣል ተብሏል። ገነነ ከአባቴ ሥር ሆኖ ተማሪ የሚያለማምድ ሰው ነው፣ ደግ ሰው ነው፣ እሱ ወንበሩን አልጠየቀም። አባቴን ግን ያለ ወንበር አላውቃቸውም። ሌባ ተብለው ከወንበራቸው ቢነሡ ክረምቱን የሚያልፉ አይመስለኝም። ቅዳሜ ሱቁን ዘግቼ ተሳፈርሁ።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ሳምሁ፤ ደስ አላቸው። መኪናው ሞልቶ ነበር ወይ አሉኝ። ሞልቶ ነበር አልሁ። ጥቂት ቆይተው እንደገና ጠየቁኝ፤ ነገርሁዎት እኮ አልሁ። በሦስተኛው አብራቸው የምትኖረው እህቴ አቻምየለሽ ቀደም አለችና ልክ እንዳሁኑ የተጠየቀች መስላ መሙላቱን፣ ሰው በር ላይ መንጠልጠሉን አጫወተቻቸው። ከጓዳ ስንገባ እኔን ተቆጣችኝ። ስንት ጊዜ ነገርሁዎት አይባልም አለች፤ ለአንቺ ሦስተኛው ነው፣ ለሳቸው መጀመሪያው ነው። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ ሆኑ ብላት፣ ለነገሩ ቀን የለውም አለችኝ። ተማሪዎቹም ያውቃሉ፣ ገነነም ያውቃል። እንደ ዱሮው ቢሆን እነሱው ሸፍነዋቸው ይኖሩ ነበር። በዱሮው ጊዜ ሰው ረሳ ሲባል የሚያየው ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ የራሱም አባት ረስቶ ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ ግን አልቻልሁም። በሕዝብ ፊት ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ስልኬን ከፈትሁና ፊታቸው አደረግሁት። ጎንበስ ብለው አዩ። ሳቁን፣ ጽሑፉን አላዩትም፤ ቅኔውን ነው የሰሙት፣ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል።

«ይኸም እኔ ነኝ፣ ያም እኔ ነኝ። ታዲያ ምን ሆነ?» አሉ።

«ቅኔው አንድ ነው፣ አባዬ። አንዱ የአምና ነው። ደገሙ ነው የሚሉት።»

ቀና ብለው ያዩኝን አተያይ አልረሳውም። ተማሪ ሲያጠፋ የሚያዩት አተያይ ነው።

«እኔ አልደገምሁም፤ ቆጠርሁት» አሉ።

«ሁለቱንም ጊዜ?»

«ሁለቱንም ጊዜ። የደገመውማ ስልኩ ነው።»

ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ስለ መኪናው ጠየቁኝ። መሙላቱን ነገርኋቸው፤ በሩ ላይ ስለተንጠለጠሉትም ጨምሬ ነገርኋቸው።

ነገሩ ገብቶኛል። የሚደግም ሰው የሚያስታውስ ሰው ነው። አባቴ ካላስታወሱ ከየት አምጥተው ይደግማሉ? ኅዳር በመጣ ቁጥር ባዶ እጃቸውን ከምድረ በዳው ይገባሉ፣ ከምንም ይነሣሉ፣ በዚያው ዳገት ወጥተው እዚያው ይደርሳሉ። ዓመት ሙሉ የረሱትን መንገድ እግራቸው አልረሳውም። ይኸ ሌብነት ከሆነ እንዲህ ያለ ሌባ ይብዛልን። ስልክማ የሰጡትን መልሶ ይሰጣል፤ ያንንማ ሚስማር የመቱበት ግድግዳም ያደርገዋል፤ የሰቀሉበትን መልሶ ይሰጣል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከገበዝ ማርያም ከተማ ድረስ የመጣ አለ። ወጣቶቹ ስልካቸውን ገና ከመጀመሪያው ደግነዋል። አባቴን ገነነ ክንዳቸውን ይዞ አምጥቶ ወንበራቸው ላይ አስቀመጣቸው። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ተነሡ። እሳቸውም ቅኔ የተማሩት ከአባቴ ነው። የጉባኤው ሥርዓት ለትንሹም ለትልቁም አንድ ነው፣ ሕዝብ ደብሩን መሳለቂያ አድርጎታል፣ ቅኔ የሚደግም መምህር ምን ብሎ ተማሪ ይከለክላል አሉ። ስልክ የያዘ ሁሉ እንዲያስቀምጥም አዘዙ።

እኔ ከሴቶቹ ጎን ነበርሁ። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ሴት አትናገርም። ተነሣሁ።

«መሪጌታ፣ አንቱ ተማሪ ሳሉ በስርቆት የተከሰሰ ምን ይጠየቅ ነበር?» አልሁ።

ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ ሽማግሌ ተቀመጪ አሉኝ፤ አልተቀመጥሁም። መሪጌታ መልሱን ያውቁታል፣ እኔም ያደግሁት ከጉባኤው በስተጀርባ ባለው ቤት ስለሆነ አውቀዋለሁ። በአባቴ ጉባኤ ሁለት ተማሪ አንድ ዓይነት ቅኔ ይዞ ሲመጣ አባቴ ቅኔውን አያዩትም። «መንገዱን ንገረኝ» ነው የሚሉት። ከየት ተነሣህ፣ ምን ጣልህ፣ ይችን ቃል ለምን መረጥህ። የቆጠረ ሰው መንገዱን ይናገራል። የሰረቀ ያለው መድረሻው ብቻ ነው፤ እንዴት እንደደረሰ ሲጠየቅ ያልበዋል።

«መንገዱን ነው የሚጠየቀው» አሉ መሪጌታ።

«እንግዲያ ይጠየቁ። ስልኩም አይቀመጥ፤ ይቀረጽ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሦስተኛውንም ያስቀምጠው።» ወደ ስመኘው ዞርሁና ቅረጽ አልሁት። ስልኩን አነሣ።

መሪጌታ ወደ አባቴ ቀረብ አሉ። በኅዳር ሚካኤል ስላሰሙት ቅኔ መንገዱን እንዲነግሯቸው በትሕትና ጠየቁ። አባቴ የትኛው ቅኔ አሉ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። መሪጌታ ሳቁ ወደመጣበት አንዴ ዞረው አዩና ስለ መና የተባለው መሆኑን ተናገሩ።

«መና» አሉ አባቴ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቶሎም አልገለጡም። አላውቀውም ይሉ ይሆናል፣ ስለ መኪናው ይጠይቁ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ ስመኘውን ቅረጽ ያልሁበትን አፌን ረገምሁ። ከዚያ አባቴ ጣታቸውን አነሡና ማስተማር ጀመሩ። ሚካኤል ሕዝቡን በምድረ በዳ መርቷል፣ በዓሉ ይኸው ነው፣ ስለዚህ ከምድረ በዳው እንነሣለን አሉ። ደመናውን አሰቡ፤ ደመና ብዙ ሰው ተቀኝቶበታልና ጣሉት። ከዓለቱ የፈለቀውን ውኃ አሰቡ፤ እሱንም ጣሉት። መናው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መና የዕለት ነው፣ ለነገ ያሳደረው ሰው ጧት ትል አገኘበት። እንግዲህ ሌሊት ማሳለፍን የሚናገር የግእዝ ቃል ያስፈልጋል አሉ።

«ቤተ ብንል?» ብለው ተማሪዎቹን ጠየቁና ራሳቸው መለሱ። «ቤተ ሌሊቱን ብቻ ይዞ ይቀራል። ነበረ ብንል? ነበረ ሰነፍ ነው፣ ተቀምጦ ይውላል።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ። ድንገት ፊታቸው በራ። እንዲህ ያለ ፊት ያየሁት ሰው የጠፋበትን ልጁን ሲያገኝ ነው።

«ኀደረ» አሉ። «ኀደረ ነው እንጂ። መናው ኀደረ፣ ማለት አደረ፣ ተላ። ቃል ሥጋ ሆኖ ኀደረ፣ ማለት በእኛ ላይ ኖረ፣ ሕይወት ሆነ። አንዱ ማደር ሞት፣ አንዱ ማደር ሕይወት።»

እና ቅኔውን አሉት። ሁለቱን ቤት፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ እዚያው ላይ ተንፍሰው፣ የመጨረሻዋ ቃል ላይ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው። ስልክ የያዘው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። አዲስ የተወለደ ልጅ የታቀፉ ይመስሉ ነበር፣ ያን ያህል ደስ ብሏቸዋል።

«ይቺስ መልካም ናት። ለኅዳር ሚካኤል ትሆናለች» አሉ።

ኅዳር ሚካኤል ገና ማለፉ ነው። ከዚያ ግቢ ይህን የማያውቅ አልነበረም። አባቴ ሌባ አለመሆናቸውም፣ ምን እንደሆኑም፣ በዚያች አንድ አፍታ ለሁሉም ተገለጠ። አንዲት ሴት አጠገቤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ከሕዝቡ የሐዘኔታ ነገር ይመጣ ጀመር፤ ለታመመ ሰው የሚደረገው ዓይነት፣ ከንፈር መምጠጡ፣ ራስ መነቅነቁ። እሱን ከስድቡ ይበልጥ ጠላሁት። አባቴ ቅኔ ነው ያሉት፣ ቅኔ ደግሞ መልስ አለው።

«ይበል!» አልሁ።

ቅኔ ሲያምር የሚባለው ይኸ ነው፤ መምህራን ይሉታል፣ ተማሪዎች ይሉታል፣ ሴት ስትለው ግን ሰምቼ አላውቅም። ቃሉ ያው ቃል ነው። ይበል፣ ይናገር። አንዴ ብሎት ከሆነ ደግሞ ይበለው። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣና ከደጀ ሰላሙ ግድግዳ ተመልሶ መጣ። ገነነ አባቴ ወንበር አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ወንበሩ የሚሰጠው ለእሱ ነበር። ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረና ከእኔ በላይ ጮኾ «ይበል» አለ። ስመኘውም ስልኩን እንደያዘ «ይበል» አለ። ከዚያ ተማሪዎቹ ሁሉ፣ ከዚያ ካህናቱ፣ ከኋላ የሳቁትም ሳይቀሩ አሉ።

አባቴ በጩኸቱ ዙሪያቸውን አዩ። ይህን ሁሉ ሰው ገና አሁን ማየታቸው ነው። ስልኮቹን አዩ፣ ቆመው የቀሩትን መሪጌታን አዩ።

«ወልደ ዮሐንስ፣ ምነው ሰው በዛ? በምን ምክንያት ተሰበሰባችሁ?» ብለው ጠየቁ።

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ወደ ሕዝቡ ዞረው አዩ። ይዘውት የመጡት ነገር ሁሉ ፊታቸው ላይ ነበር፤ ሕዝቡም እሳቸውን እሳቸውን ያያል። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ ጎንበስ አሉ።

«ቅኔ ልንሰማ ነው፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ተቀመጡ» አሉ አባቴ። «ገና መጀመሬ ነው።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው መሬት ላይ፣ ከተማሪዎቹ መካከል ተቀመጡ።